ሰዓዳና የቀለበት ሕዋሶች

እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ ስይዝ ብቻ ነበር፤ እየቆየ ሥራዬ ላይም መጣብኝ። የእኔ ሥራ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ እጅ አይችልም። ከታማሚ ሆድ፣ ጡት ወይም አንገት ተቆርጦ የመጣ ሥጋ ሰም ውስጥ አስገብቼ፣ ሲጠነክር ከሽንኩርት ልጣጭ በብዙ አሳስቼ በምላጭ እየገፈፍኩ መስታወት ላይ አሳርፈዋለሁ። ሐኪሙ ያንን በማይክሮስኮፕ አይቶ የበሽታውን ስም ያወጣል። እኔ ካበላሸሁት የሚያየው ነገር የለም። ስለዚህ እጄ እንቢ ሲለኝ ራሴ ሄጄ በቃኝ አልኩ። ያባረረኝ ሰው የለም።

አሁን ቤት ተቀምጬ ወደኋላ ሳስብ በእጄ ካለፉት ሰዎች ሁሉ ቀድማ የምትመጣብኝ አንዲት ልጅ ናት። ሰዓዳ ትባላለች። ስለ እሷ ለማውራት ግን እኔ እዚያ ቦታ እንዴት እንደደረስኩ ላስቀድም።

እናቴ ከከሚሴ ነው የመጣችው። ካርቱም ውስጥ ሪያድ በሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነበረች። አባቴ የዚያው ግቢ ሹፌር፣ ሱዳናዊ ነበር፤ እኔ አፌን ሳልፈታ ሞተ። እናቴ ከግቢው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አሳደገችኝ። ውጭ ዐረብኛ፣ ክፍላችን ውስጥ አማርኛ ነበር። በሩ ከተዘጋ በኋላ በዐረብኛ ከጠየቅኳት አትመልስልኝም። ያኔ ያስለቅሰኝ ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ የላቦራቶሪ ሙያ ተማርኩ። መጀመሪያ የተመደብኩት ኦምዱርማን ነው፤ ደምና ሽንት እመረምር ነበር። አለቃችን ጓንት በቆጠበ ቁጥር ሹመት የሚሰጠው ይመስለው የነበረ ቁጡ ሰው ነው። ደመወዙ ይዘገያል፣ የሚፈረመው ወረቀት አያልቅም፤ እሱን ልተወው። ከዚያ ካርቱም ሁለት በሚባል ሰፈር ወደሚገኝ፣ ከአንድ ሆስፒታል ጀርባ ወዳለ የሥጋ ናሙና መመርመሪያ ተዛወርኩ። ቀሪውን የሥራ ዕድሜዬን እዚያው ጨረስኩት።

ሥራውን ያስተማሩኝ ዶክተር መእሙን ናቸው። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ጠጋ ካላሉ የማይሰሙ ሰው ነበሩ። ናሙና ሲቀርብላቸው የታማሚውን ስምም ሆነ የላከው ሐኪም የጠረጠረውን አያነቡም። «ሌላ ሰው ያሰበውን ካወቅሁ ዓይኔ እሱኑ መፈለግ ይጀምራል» ይሉ ነበር። መጀመሪያ ዝም ብለው ያያሉ። ከዚያ «ዕድሜ?» ብለው ይጠይቁኛል። ስነግራቸው እንደገና ያያሉ። ክፉ ውጤት ሲሆን በዚያው ቀን አይልኩትም። «ሰውዬው ዛሬን ይተኛ፤ እኔም ልተኛ» ብለው መስታወቱን ለብቻው ያስቀምጡታል። በማግስቱ ሻይ ሳይጠጡ፣ ማንንም ሳያናግሩ፣ እንደ አዲስ ያዩታል። ሐሳባቸውን የቀየሩበትን ጊዜ ብዙም አላስታውስም። ግን አንድም ቀን ይህን ልማድ አልተዉትም።

ጥርጣሬ ሲገባቸው ከክፍላቸው ሆነው «ዘሃራ፣ ዚዲ» ይሉኛል፤ ጨምሪ ማለታቸው ነው። እኔ ወደ ሰሙ እመለስና ጠለቅ አድርጌ እቆርጣለሁ። ችግሩ ትንሽ ናሙና በቆረጡት ቁጥር እያለቀ መሄዱ ነው። በካርቱም ሙቀት ደግሞ ሰሙ ይለሰልሳል፤ ከምላጩ ጋር ይጣበቃል። በረዶ ላይ አስቀምጠን ነው የምንቆርጠው። መብራት ሲጠፋ በረዶውን ከሱቅ እንገዛለን። ማራገቢያ መክፈት አይቻልም፤ የተገፈፈችው ሥጋ በነፋሱ ትበራለች። ላብ እንዳይንጠባጠብብኝ ግንባሬን በጨርቅ አስሬ፣ ትንፋሼን ይዤ እገፋለሁ። የወጣችውን ለብ ያለ ውኃ ላይ አንሳፍፋትና በመስታወት ከሥር እቀልባታለሁ። ከዚያ ቀለም ይገባል፤ ወይን ጠጅና ሮዝ።

የሆስፒታሉ ሐኪሞች ከእናቴ ያገኘሁትን አማርኛ ሲያውቁ ሌላ ሥራ ጨመሩብኝ። የወሎ ልጆች ሲመጡ «ሐበሻዋን ጥሩልን» ይላሉ። ጋዋኔን አወልቄ እሄድና አስተረጉማለሁ። ከሰዓዳ ጋርም የተዋወቅነው እንደዚህ ነው።

ሠላሳ አልሞላትም። ሪያድ ሰፈር ውስጥ ሲት ኢሕሳን የሚባሉ ባላቸው የሞተ ሴትዮ ቤት ትሠራለች፤ ይዘዋት የመጡትም እሳቸው ናቸው። ሰዓዳ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በሻርፕ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። ለወራት የአሜባ ኪኒን እየተሰጣት ቆይታለች። «ሆዴ ውስጥ የታሰረ ነገር አለ፤ ስበላ ይጠብቃል» አለችኝ። ደምም ታይቷታል፤ እሱን ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ።

ተራ ስንጠብቅ አገሬን ጠየቀችኝ። እናቴ የከሚሴ መሆኗን፣ እኔ ግን አገሩን አይቼው እንደማላውቅ ነገርኳት።

«አማርኛዎ የአያቴን ይመስላል» ብላ ሳቀች። «እኛ ባቲ እንዲህ አንናገርም አሁን።»

መብራት ያለው ቱቦ ወደ አንጀቷ ገብቶ ሲታይ አንድ ቦታ ጠቦና ደርቆ ተገኘ። ከዚያ ላይ ጥቂት ፍርፋሪ ተቆንጥሮ ወደ እኛ መጣ፤ ከሰሊጥ ብዙም አይበልጥም። ቆረጥኩ። ዶክተር መእሙን አዩት። «ዕድሜ?» አሉ፤ ነገርኳቸው። «ዚዲ» አሉ። ጨመርኩ። አሁንም «ዚዲ።» እንዲህ እያልን ሰሙ ውስጥ የቀረ ሥጋ እስኪያልቅ ቆረጥኩት። የታየው ቁጣና እብጠት ብቻ ነበር። በማግስቱም አይተው ካንሰር እንዳልታየ ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ ናሙናው ከላይኛው ሽፋን ብቻ የተወሰደ ስለሆነ ካልተሻላት ጠለቅ ተደርጎ ይደገም የሚል ጨመሩ።

የላካት ሐኪም ከጽሑፉ የያዘው የላይኛውን መስመር ብቻ ነው። ካንሰር የለብሽም፣ የአንጀት ቁጣ ነው ብሎ ሌላ ኪኒን አዘዘ። ሲት ኢሕሳን ለምስጋና በግ አርደው ከራማ አደረጉ፤ ለጎረቤት፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ አበሉ። ሰዓዳ ለእኔ በረክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ አንድ ሳህን ላከችልኝ። ላቦራቶሪው ውስጥ ለሁላችንም በቃን።

ከወራት በኋላ በድንገተኛ ክፍል ተኝታ አገኘኋት። ሆዷ ተነፍቷል፣ ክንዷ ከስቷል። አንጀቷ ጭራሽ ተዘግቶ ስለነበር በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። የታመመው አንጀት ተቆርጦ መጣልን። በእጄ ስይዘው እንደ ጎማ ቱቦ ደረቅ ነበር፤ ዕጢ የሚባል ግን የለበትም። ከሆዷ ሽፋን ላይ የተለቀመ ሩዝ የሚያክል ነጫጭ ነገርም አብሮ ነበር።

ቆርጬ ቀለም ካገባሁ በኋላ እኔም አየሁት። ሕዋሱ በውስጡ ንፍጥ የመሰለ ፈሳሽ ሞልቶበት ይነፋል፤ አስኳሉን ወደ ጠርዝ ይገፋዋል። ሲያዩት ፈርጡ ጎን ላይ ያለ ቀለበት ይመስላል። በሐኪሞቹ ዘንድ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ከአንጀት ካንሰሮች መካከል እምብዛም የማይገኝ ዓይነት ነው። ሌላው ካንሰር በአብዛኛው ተሰብስቦ ያብጣል፤ ይህ ግን አንድ አንድ እያለ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ይበተናል። ላዩ ደህና መስሎ ሥሩ ሊያልቅ ይችላል። ወጣቶችንም ይይዛል፤ ወጣትን ደግሞ ካንሰር ይይዘዋል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከረፈደ፣ የሆድን ሽፋን ከያዘ በኋላ ነው።

ዶክተር መእሙን ያንን መስታወት ለማግስቱ አላሳደሩትም። አንድ ጊዜ አይተው ወንበራቸውን ወደኋላ ገፉና ውጤቱን ጻፉ።

ቀዶ ጥገናውን ያደረገው ሐኪም ውጤቱን ሰምቶ ሲት ኢሕሳንን ኮሪደር ላይ በዐረብኛ አናገራቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ለልጅቷ ቁስል ነበር፣ ወጣልሽ በያት። ተስፋ እንዳትቆርጥ» አለኝ። እሺም እንቢም ሳልለው ወደ ዶክተር መእሙን ተመለስኩ።

«እሷ ጠይቃለች?» አሉኝ።

«ገና አልጠየቀችም።»

«ካልጠየቀች አትቸኩዪ። ከጠየቀች አትዋሺያት።» መነጽራቸውን አደረጉ። «ያላ፣ አብሬሽ ልሂድ።»

በዚያ ሁሉ ዓመት ወደ ታማሚ አልጋ ሲሄዱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሥራቸው ከመስታወቱ ጋር ነው።

ሰዓዳ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሰገራዋ ሆዷ ጎን ላይ በተለጠፈ ከረጢት እየወጣ ስለሆነ በነጠላ ሸፍናዋለች። ሲት ኢሕሳን ከእግርጌዋ ነበሩ። ገና ሳንቀመጥ ተናገረች።

«እትዬ ዘሃራ፣ ሐኪሙ ለማዳሜ የነገራትን ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን በወጥ ቤት ዐረብኛዬ ነው፤ የጎደለኝ ይኖራል። እርስዎ ሙሉውን ይንገሩኝ።»

ዶክተር መእሙን ወንበር ስበው ተጠግተዋት ተቀመጡ። አጭር አጭር አድርገው ይናገራሉ፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። በሽታው ካንሰር መሆኑን፣ የሆዷን የውስጥ ሽፋን መያዙን ነገሯት። ቀዶ ጥገናው የተዘጋውን ከፈተላት እንጂ በሽታውን አላወጣውም።

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው። አንዳንዴ ያዘገየዋል። ይህ ዓይነቱ ግን መድኃኒቱን ብዙም አይፈራም። አያድንሽም» አሉ።

ይህችን ቃል ስመልስ «ላያድንሽ ይችላል» ማለት ዳድቶኝ ነበር። ዶክተር መእሙን አማርኛ አይሰሙም። እሷ ግን ዓይኔን እያየች ነበር። «አያድንሽም» አልኳት።

«ስንት ጊዜ አለኝ?»

«ቁጥር ብሰጥሽ ዋሸሁሽ ማለት ነው። እንደ እኔ ወራት ነው፤ ዓመታት አይመስለኝም። አሁን መብላት ስለምትችዪ ትንሽ ብርታት ታገኛለሽ። ያ ብርታት እያለ ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?»

ሰዓዳ አንሶላውን እስከ አገጯ ሳበችው። «ልጅ አለችኝ። ሐያት ትባላለች፤ እናቴ ጋ ናት። ጡት እንዳስጣልኳት ነው የመጣሁት። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። የምታውቀኝ በስልክ ነው።»

ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ጠይቂልኝ... ይጠይቁልኝ እትዬ፤ ያኔ በመጀመሪያው ጊዜ ነበረ?»

ጥያቄውን ሳቀብላቸው ዶክተር መእሙን ፊታቸውን አላዞሩም። «ነበረ ብዬ አምናለሁ። ከተቆነጠረው ሥጋ በታች ነበረ። እኔ አላየሁትም።»

«ቢታይ ኖሮስ?»

«የተሻለ ዕድል ይኖርሽ ነበር። ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ግን ይኖርሽ ነበር።»

ሰዓዳ አንገቷን ደፋች። «አላህ ያልገለጠላቸውን በምን ያዩታል» አለች፤ ለእኔ ነው የተናገረችው። ተረጎምኩላቸው። ዶክተር መእሙን መነጽራቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ያዙት፤ መልሰው ሳያደርጉት ተነስተው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባቸው።

«ይደገም ብዬ ጽፌ ነበር» አሉኝ። «ስልኩን አንስቼ ግን አልደወልኩም።»

እንዲህ ያለ ነገር ያን ቀን ብቻ ነው የተናገሩት። ከዚያ ወዲህ ግን ልባቸው ካልተቀበለው ናሙና ወረቀት ብቻ ልከው ዝም አላሉም። ወደ ሐኪሙ ይደውላሉ፤ ካላነሳ እንደገና ይደውላሉ፤ ይደገም ብለው ይሟገታሉ። አንዳንዱ ይሰለቻቸው ነበር።

ሲት ኢሕሳን ሰዓዳ ወደ ልጇ፣ ወደ አገሯ ልትገባ መወሰኗን ሲሰሙ እኔ ላይ ነደዱ። «ዋላሂ አልሰዳትም! እዚህ ሐኪም አለ፣ መድኃኒት አለ፤ እኔ አሳክማታለሁ። እናንተ ናችሁ መንገድ ላይ እንድትሞት የምትሸኙአት» አሉኝ።

ሰዓዳ ከአልጋዋ ሆና በራሷ ዐረብኛ መለሰችላቸው። «ማዳሜ፣ እዚህም ብሆን ያው ነው። እዚያ ግን ልጄ አለች።»

ሴትዮዋ ሻርፓቸውን ሰብስበው ወጡ። ለቀናት ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበር። አንድ ጠዋት ግን ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ያበሰለላቸው፣ ሰው ያጠበላቸው ሴት ናቸው።

«ነርሷን አስፈቅጂልኝ» አሉኝ። «ያንን ከረጢት እንዴት እንደሚቀይሩት ልማር።»

«ለምን?» አልኩ፤ አልገባኝም ነበር።

«መንገድ ላይ ማን ሊቀይርላት ነው?»

ነርሷ አሳየቻቸው። መጀመሪያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደኋላ አሉ፤ ሰዓዳም አፍራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ቀጥሎ ግን ራሳቸው አጠቡ፣ ራሳቸው ለጠፉ። የመውጫ ፈቃዱንም፣ ጊዜው ያለፈበትን የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋንም እየተመላለሱ ያስጨረሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ በመኪና ባቲ ድረስ አብረዋት ሄዱ።

ሲመለሱ ሪያድ ቤታቸው ጠርተውኝ ሁሉንም አጫወቱኝ። ሐያት በመጀመሪያው ቀን ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ ነበር። ሰዓዳን «እማ» አላለቻትም፤ እንደ እንግዳ «እትዬ» ነው ያለቻት። ሰዓዳ አላስገደደቻትም። በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣ ማበጠሪያ ይዛ ትጠብቃታለች። ከቀናት በኋላ ልጅቷ ራሷ መጥታ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ ሰዓዳ ፀጉሯን ሠራችላት። «ሹሩባውን ጨርሳ ስታዞራትና ፊቷን በሁለት እጇ ስትይዛት አየሁ» አሉኝ ሲት ኢሕሳን። «ከሰዓዳ እናት ጋር ቋንቋ አልነበረንም። ጎን ለጎን ተቀምጠን አብረን አለቀስን።»

ሰዓዳ ከዚያ በኋላ በስልክ ድምፅ ትልክልኝ ነበር። ጥሬ ጎመን እንዳማራት፣ ዝናቡ እንደበረታ፣ ሐያት ማንበብ እንደጀመረች ትነግረኛለች። ድምፁ እያጠረ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሄደ። ክረምቱን አለፈች። አዝመራው ሳይሰበሰብ አረፈች።

እናቷ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሰው ይጠይቀኛል። ቡዳ ነው የሚል አለ፣ ዐረብ አገር የበላችው ነው የሚል አለ። ስሙን ንገሪኝ» አሉኝ። ካንሰር መሆኑን፣ ሰው ያደረገባት ነገር እንዳልሆነ፣ እሷም ያጠፋችው እንደሌለ ነገርኳቸው። ሌሎቹን ልጆቻቸውን ደም ካዩ ወይም ሆዳቸው ከታሰረ ቸል እንዳይሉ፣ ባይታመሙም ሐኪም ዘንድ ቀርበው የእህታቸውን ነገር እንዲናገሩ ለመንኳቸው። ሰምተው ጨረሱና «እንዲያው ታመመች ማለት ነው» አሉ። «አዎ፣ እንዲያው ታመመች» አልኳቸው።

በሌላ ጊዜ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናሙና መጣ። እንደ ሰዓዳው ከላይ ቁጣ ብቻ ነበር። ዶክተር መእሙን ዕድሜውን ሰምተው ስልክ አነሱ። ተጨቃጭቀው ጠለቅ ተብሎ እንዲደገም አደረጉ፤ ቀለበቶቹ ተገኙ። ከአንጀቱ ሳይወጡ ስለተደረሰባቸው ተቆርጦለት፣ መድኃኒትም ወስዶ ተነሳ። በየዓመቱ ለምርመራ ሲመጣ እኛ ጋ ብቅ ይል ነበር። በሽታው ያው ነው፤ የተገኘበት ጊዜ ግን ለየቅል። ዶክተር መእሙን ልጁን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ፤ ሲወጣ ግን መነጽራቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ይይዙታል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እኔ ወደ ከሰላ ከተማ ሸሸሁ። ዶክተር መእሙን ሸንዲ ከተማ ዘመዶቻቸው ጋ ሄዱ። ልባቸው ደካማ ነበር፤ የሚውጡት መድኃኒት ጠፋ። ማረፋቸውን በስልክ ሰማሁ። ለቀብራቸው መድረስ የሚታሰብ አልነበረም።

ካርቱም መመለስ ሲቻል ካርቱም ሁለት ወደ ላቦራቶሪያችን ሄድኩ። ማይክሮስኮፖቹ የሉም፤ በሮቹና መስኮቶቹ ሳይቀሩ ተነቅለዋል። የላቦራቶሪውን የዘበኝነት ሥራ ሳይተዉ የቆዩት ሽማግሌው ዓም ኢድሪስ ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ዘራፊዎች የናሙና መደርደሪያዎቹን ለብረታቸው ሲሉ ወስደው በውስጣቸው ያስቀመጥነውን የናሙና ሰም ሁሉ መሬት ላይ ደፍተውታል። ለዓመታት የቆረጥኩት የሰው ሥጋ በፀሐይ ቀልጦ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ አቧራ ለብሶ አንድ ክምር ሆኗል። የማን የማን እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለም። የሰዓዳም እዚያው ውስጥ ነበረ።

«ቆሻሻ የሚያነሱ ሰዎች ይመጣሉ ብለው ነበር» አሉኝ ዓም ኢድሪስ።

«ይህ ቆሻሻ አይደለም» አልኳቸውና ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። አካፋ ሊፈልጉ ተነሱ። እኔ አማራት የሚባለው ሰፈር ሄጄ ነጭ ጨርቅ ገዛሁ። ክምሩን በእጃችን እየለቀምን ጨርቁ ላይ አደረግነው፤ አሸዋው ውስጥ የገባውን ሳይቀር ፈልገን አወጣን። እሳቸው ከኒም ዛፉ ሥር ቆፈሩ። ጠቅልለን አወረድነው።

«ለሥጋ ቁራጭ አይሰገድም፤ ዱዓ ነው የሚደረገው» አሉኝ። «የስንት ሰው ነው?»

«አላውቅም።»

«ሙስሊም ናቸው?»

«ክርስቲያንም አለበት። በሕይወት ያሉም አሉ።»

«ለሁሉም ይሁን» አሉና አፈሩን መለሱ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው በዐረብኛ ዱዓ አደረጉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ በአማርኛ ጨመርኩበት።